ሲመሽ የሚሰጣ አንሶላ

ባለቤቴ ተስፋዬ ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ ያለችኝን አንዲት የልብስ ማስጫ ገመድ ልቀቂልኝ ብሎ መጣ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው በረንዳ ማለት ግቢም፣ ጓዳም፣ ማስጫም ነው፤ ከሰሉ እዚያ፣ ሽንኩርቱ እዚያ፣ የውሃው ጄሪካን እዚያ። «ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት። «አንቴና» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንደማዞር ብሎ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚህ ሰውዬ አፍ ይህችን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመን ሆነኝ። ሳቄን ስጨርስ ግን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የጀመረው ያንን አሮጌ ሬዲዮ ከአልጋ ስር ጎትቶ ያወጣው ዕለት ነው። ከላፍቶ ስንነሳ ልጆቹ ይጣል ሲሉ እኔ ነኝ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያመጣሁት። አጭር ሞገድ፣ መካከለኛ ሞገድ፣ ረጅም ሞገድ የሚል ቁልፍ አለው። ልጆቹ «አባዬ፣ በስልክህ የዓለምን ሬዲዮ ሁሉ ትሰማለህ እኮ» ይሉታል፤ እሱ ግን ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ በረጅሙ ሞገድ በኩል ይፈልጋል። «እዚያ ደግሞ ምን አለ? አንድ ሰው እንኳ አይናገርበት» ስለው፣ «ለአውሮፕላን መንገድ የሚያሳይ ምልክት አለ» አለኝ። «ጢጥ፣ ጢ፣ ጢጥ ይላል።» «ሌላስ?» «ሌላማ የለውም። ስሙን ብቻ ነው የሚለው። ሰማይ ላይ ያለ መንገደኛ እንዲሰማው ቀኑን ሙሉ ስሙን ይላል።» ተዉት፣ ጡረታ ነው አልኩ በሆዴ።

የራሱ የሬዲዮው ዘንግ ለዚህ ሞገድ አይረባም አለና ተወው። ቀጥሎ የቲማቲም ሳጥን ፈታትቶ አራት ማዕዘን ሠራ፤ በላዩ ላይ ሽቦ እንደ ልቃቂት ጠመጠመበት። ሳሎኑ መሀል ገተረው። ወዲህ ሲያዞረው የጎረቤት ቻርጀር ይንጫጫል፣ ወዲያ ሲያዞረው የገዛ ፍሪጃችን። እኔ ደግሞ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር ቅልጥሜን ይመታኛል። «ወይ እኔ ወይ ይሄ» አልኩት። ከዚያ ረጅም ሽቦ ከጣሪያው ወደ ማዶው ብሎክ ልዘርጋ ብሎ ኮሚቴውን ጠየቀ። ሰብሳቢው ትሁት ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ በዲሹ ብቻ እኮ ነዋሪው ተጣልቶ ሊያልቅ ነው፣ ይቅርብን» አለው። የቀረው እንግዲህ በረንዳው ነው፤ የበረንዳው ገመድ ደግሞ የኔ ነው። እኔ ስለ አንቴና የማውቀው በልብስ ማስጫ በኩል ብቻ ነው። እሱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

ያኔ ሙሽሮች ሆነን የገባነው ላፍቶ፣ እማማ ጫልቱ ግቢ ነበር። ዛሬ ሶፋዬን ያስቀመጥኩበት ጀሞ የሽምብራ ማሳ ነበር ብል ልጆቼ የማጋንን ይመስላቸዋል። አውቶቡሱ አንድ ቦታ ላይ ይደክመውና ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ነጭ አቧራ ጫማህ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ጭቃ ጫማህ ላይ። ጫማም ስል ኮንጎ ነው፣ ያ ላስቲኩ፤ ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅል ነበር። ተስፋዬ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ስለነበር ካኪ ይለብሳል፤ ለክት ግን አንዲት ቴትሮን ሸሚዝ ነበረችው። ኮሌታዋ ሰፊ ነው፣ ሲሄድ ነፋስ ያነሳዋል። እሷን ሸሚዝ ለብሶ ነው ያታለለኝ። በአንድ ብር ምን ያህል ድንች ይገዛ እንደነበር አልናገርም፤ የዛሬ ሰው ሲሰማ ያዝናል። የኔ የልብስ ሳሙና ግን ትዝ ይለኛል፤ ዱላ የሚያህለውን ረጅሙን ሳሙና ባለሱቁ በክር ይቆርጥልሃል፣ ቁራጩ በጥቂት ሳንቲም ነው፣ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

እማማ ጫልቱ ያንን አገር ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያረሱ ሰዎች ልጅ ነበሩ። መሬቱ እየጠበበ ሲመጣ በግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርተው አከራዩ፤ አንዷን ለእኛ፣ አንዷን ለነፊሳ። ነፊሳ የስልጤ ልጅ ናት፣ ባሏ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፣ እሷ ያኔ አራስ ነበረች። እማማ አንዲት ላም፣ ጥቂት ጎመን፣ አንድ ልጅ ነበራቸው። ልጁ ለማ ይባላል። ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ቆመ። መጀመሪያ ዘገየ ተባለ፣ ከዚያ ሰው ስለ ደብዳቤው መጠየቅ ተወ፤ ይሄ ነው ክፉው። ልጅ ሞቶ ከሆነ ተለቅሶ ይወጣል። እሳቸው ግን ማልቀስም አይችሉ፣ ተስፋ ማድረግም ደከማቸው፤ ምግብ ሲያቀርቡ ለእሱ የሚሆን ከሰታቴው ስር ያስቀሩ ነበር።

በዚያ ጊዜ ከወዲያኛው ወገን የሚናገር አንድ ጣቢያ ነበር። ማምሻውን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በአጭር ሞገድ ይመጣና የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነባል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ። ማዳመጥ ክልክል ነው ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት አላየሁም። ግን የሰማ ሰው ሰማሁ አይልም። አንድ ቀን እማማ ጫልቱ እኛ ክፍል በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን እያፍተለተሉ ተስፋዬን፣ «ያ ሳጥንህ የልጆችን ስም ይጠራል ይላሉ፣ እውነት ነው እንዴ?» አሉት። ተስፋዬ አየኝ። አየሁት። «እንሞክራለን እማማ» አለ። አዲስ ሙሽራ ነበርን፣ የሚያስፈራንን ነገር ገና በደንብ አናውቅም ነበር።

መሞከር ግን ቀላል አልሆነም። የሬዲዮው ዘንግ የቅርቡን ጣቢያ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ያኛው ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ እንዳይሰማም ሌላ ጩኸት ይለቁበታል። ተስፋዬ ያኔም እንደ አሁኑ ሽቦ በእንጨት ላይ ጠመጠመ። ሙዚቃውን በመካከለኛው ሞገድ አንጀት በሚያርስ ሁኔታ አመጣልን እንጂ ያንን ጣቢያ አላመጣም። ከዚያ ከጣሪያው እስከ ባሕር ዛፉ ረጅም ሽቦ ዘረጋ፤ እሱማ ሰማ፣ እንደ ጎረቤት አፍ ጥርት ብሎ። በማግስቱ ግን ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቀና እያለ ያየዋል። ማዶ አንድ ሰውዬ ስለ ዘረጋው ሽቦ ተጠርቶ ተጠይቋል ሲባል ሰምተናል። ተስፋዬ ሳይመሽ አወረደው። እማማ ጫልቱ ሽቦው ሲጠቀለል ሲያዩ ገብተው በራቸውን ዘጉ። እኔ ልብስ አጥቤ ላሰጣ ወጥቼ ነበር፤ ገመዱን ይዤ እንደ ቆምኩ፣ «ይሄ ቢሆንስ?» አልኩት።

እንግዲህ ያ ነው የኔ ድርሻ በዚህ ዓለም ላይ። የሲባጎውን ገመድ አንስተን በቦታው ሽቦውን ዘረጋን፣ ከወጥ ቤቱ ማዕዘን እስከ ላሟ በረት። ከምሰሶው ጋር እንዳይነካካ ተስፋዬ የአሮጌ ኮንጎዬን ሶል ቆርጦ በሁለቱም ጫፍ አሰረበት። ከማዕዘኑ ላይ ቀጭን ሽቦ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ወደ ሬዲዮው ይገባል፤ እሱን የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። እርጥብ ልብስ ሲሆን ድምፁ ይደክማል፤ ስለዚህ ደረቅ ልብስ ማስጣት ጀመርን። ሰው ልብሱን በሚሰበስብበት ሰዓት እኛ የደረቀ ልብስ ይዘን እንወጣለን። ነፊሳ እየሳቀች፣ «አስኩ፣ እብድ ሆነን ቀረን እኮ» ትለኝ ነበር። ሳሙና ሳይነካው የተሰጣ ጋቢ፣ ካኪ ሱሪ፣ የእኔ የሠርግ ቀሚስ ሳይቀር ያ ሽቦ ላይ ውሏል፣ ሳልዋሽ አምሽቷል። አራታችን ወጥ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን ሳጥኑን ከብበን እንቀመጣለን። ብዙ ስም ሰማን፣ ለማን አልሰማንም። እማማ ስም በተነበበ ቁጥር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ለሌላው እናት እየጸለዩ ነበር።

አንድ ማታ ግን ተስፋዬ ከሥራ ዘግይቶ መጣ። እኔ ሊጥ እጄ ላይ ነው፣ ነፊሳ ልጇን እያጠባች ነው። ባለቤቴ ሆዬ ከነፊሳ ደጃፍ ያገኘውን ቅርጫት አንስቶ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሽቦው ላይ ደረደረው፤ የሕፃን ልብስ። እስቲ አሁን ወንድ ልጅ ይሄን በምን ያውቃል? የሕፃን ልብስ ፀሐይ ከጠለቀ ውጭ አይቆይም፤ እዚህ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ነው። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ደግሞ እትዬ ዘነበች ናቸው፣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። መንደሩ ይፈራቸዋል። ስብሰባ የቀረችን ሴት ቤቷ ድረስ ሄደው ነው የሚያመጧት። እኛ ሬዲዮውን ከፍተን ተቀምጠናል፣ የግቢው በር ተንኳኳ እንኳ ሳይባል ተከፈተ።

«ማናት የአራስ ልጅ ልብስ በዚህ ሰዓት ውጭ የምትተው? ምን የማታውቅ ናት!» እያሉ ገቡ። እኔ ሊጡን በእጄ እንደያዝኩ በሩ ላይ ተገተርኩ። እሳቸው ኮፍያዋን፣ ሹራቧን፣ መታቀፊያዋን እየለቀሙ በክንዳቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዷን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ቆሙ። ደረቅ ናት፣ የልብስ ሳጥን ትሸታለች። እጃቸውን ሽቦው ላይ አደረጉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ መስኮቱ ድረስ መጡ። ተስፋዬ ድምፁን ለመቀነስ አልደረሰም። የአንድ ልጅ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት አገር። እትዬ ዘነበች ያንን ስም እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ የሚቀጥለውንም ሰሙ። ከዚያ ልብሱን ለእኔ አስታቀፉኝና ዝግ ብለው፣ «የሕፃን ልብስ ሰው ይጠራል። ሌላ ጊዜ አንሶላ አስጡ» ብለው ወጡ።

ፍርሃት አላበላንም፣ አላስተኛንም። ተስፋዬ ጠዋት ሲወጣ ካልተመለስኩ ለወንድሜ ንገሪው አለኝ። ቀኑ ዋለ፣ ማንም አልመጣም። ሲመሽ የግቢው በር ተከፈተ፣ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ጠርዙ በቀይ ክር የተጠለፈ ነጭ አንሶላ ታቅፈዋል። «የኔ ግቢ ፀሐይ የለውም፣ እዚህ ላስጣው ብዬ ነው» አሉ። ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች። አንሶላውን በመስኮቱ በኩል ባለው ማዕዘን አስተካክለው ዘረጉት፣ ወጥ ቤት ገቡና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እስኪጀምር አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ከዚያ ለተስፋዬ ብቻ የሚናገሩ መስሏቸው፣ «አስፋው ይባላል» አሉት። «አስፋው በየነ። እንደው ከመጣ።» ልጃቸው ነው። ሲዘምት ከበሮ ያስመቱለት ራሳቸው ነበሩ። እማማ ጫልቱ በርጩማቸውን ጠጋ አደረጉላቸው።

ከዚያ ወዲህ ያ አንሶላ የማይሰጣበት ምሽት አልነበረም። በክረምት እንኳ ዶፉ ጋብ ሲል ይመጣ ነበር። መንደሩ፣ ዘነበች ንጽሕና አበዛች አለ። ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም፣ የሳቸው አንሶላ ያለበትን ግቢ ማን ደፍሮ ይፈትሻል? አንቴናውን የመረጥነው እኛ ነን፤ ያቆዩልን ግን እሳቸው ናቸው፣ ይሄን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

የለማ ስም የመጣ ዕለት ነፊሳ ነበረች ቀድማ የሰማችው። «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» አለች፣ ማንም ሳይናገር። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ላፍቶ። አንዴ ነው የተነበበው፤ በቃ። እማማ ጫልቱ «ያ ዋቅ» ብለው በኦሮምኛ ፈጣሪያቸውን ጠሩና መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ከደኑ። እልል ማለት አይቻልማ። እልልታ አጥር ይዘላል፣ ሰው ምን አገኛችሁ ይላል። ሴትዮዋ በደስታ ሊፈነዱ ነው። ይሄኔ እትዬ ዘነበች ከበርጩማቸው ተነሡ። የሳቸው ልጅ ስም አልተጠራም። ወጥተው ግቢው መሀል ቆሙና ድምፃቸውን ለቀቁት፣ እልልልል። «ጫልቱ፣ ነይ እልል በይ፣ ላምሽ ወልዳለች» አሉ። እማማም ወጡ፣ እኔም ወጣሁ፣ ነፊሳም ልጇን ታቅፋ። ላሟ በረቷ ውስጥ ታመነዥካለች፣ ያልወለደች ላም። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ጣሳ ይዞ ለእንገር ተሰለፈ። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው፣ «እንገሩን ለእኔ ሰጡኝ፣ ጠጥቼ ጨርሼዋለሁ» ብለው መለሱት። ለስንት ጊዜ ሆዳም ተብለው ታሙ መሰላችሁ።

የአስፋው ስም አልመጣም። አንሶላው ግን መምጣቱን አላቋረጠም፣ ጣቢያው ስም ማንበብ እስኪተው ድረስ። ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። ለማ ከስቶና ጠቁሮ ከአውቶቡሱ ማብቂያ በእግሩ መጣ፤ አስፋው ደግሞ በወረቀት መጣ። የቀበሌ ሰው የነበረ ሁሉ ፊት የተነሳበት ጊዜ ስለነበር ለቅሶው ላይ ሰው አልበዛም፤ እማማ ጫልቱ ከነምንጣፋቸው ሄደው አጠገባቸው ሰነበቱ። ያን አንሶላም ያኔ ነው እትዬ ዘነበች ለእኔ የሰጡኝ፣ «ውሰጂው፣ ዓይኔ አይየው» ብለው። ለማ አግብቶ የበኩር ልጁ ሲወለድ የእትዬ ዘነበች እግር ላይ ወድቆ ስሙን አስፋው ልበለው ብሎ ለመነ። ፈቀዱ። ፈቀዱ እንጂ ስሙን አልጠሩትም። ልጁን አዘሉት፣ አበሉት፣ አሳደጉት፣ ግን ማሙሽ ነው የሚሉት። አሁን ጢማም የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰውዬ ሆኖ፣ የራሱን ታክሲ እየነዳ፣ ሀና ማርያም ባለው በአባቱ ግቢ እያኖራቸው እንኳ ማሙሽ ይሉታል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። እሱ ለምን እንደሆነ ያውቃል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ቅር ብሎት አላየሁም።

ለተስፋዬ ገመዴን ለቀቅሁለት። ይሄን ሁሉ አስታውሶ የሚከለክል አንጀት ከየት ይመጣል? ሽቦውን በረንዳው ላይ ዘረጋው፣ ለጫፉ የሚሆን ኮንጎ ጠፍቶ የልጅ ልጄን የተጣለ ነጠላ ጫማ ቆረጠ። እሁድ ዕለት እትዬ ዘነበች ሊጠይቁን መጡ። ያ ማሙሽ ደግፎ ደረጃውን አወጣቸውና ለማ ከጓሮው የላከልንን ጎመን ከመኪና ላምጣ ብሎ ወረደ። ዓይናቸው ደክሟል። በረንዳው ላይ ፀሐይ ስላለ እዚያ አስቀመጥኳቸው። ያን አንሶላ ጠዋት አጥቤ ሽቦው ላይ አስጥቼው ነበር፤ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ቀዩ ክር ላይ እጃቸው ቆመ። «አልጣልሽውም እንዴ?» አሉኝ። «ምን በወጣኝ እትዬ፣ እንግዳ ሲመጣ የማነጥፈው እሱን ነው» አልኳቸው። ተመስገን አሉ።

ተስፋዬ ሬዲዮውን ከፈተ። ጩኸቱ መሀል ቀጭን ድምፅ መጣ፣ ጢጥ፣ ጢ፣ ጢጥ፤ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። እትዬ ዘነበች ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ምን ይላል?»

«ስሙን ነው፣ እትዬ» አለ ተስፋዬ። «ስሙን ብቻ ነው ደጋግሞ የሚለው።»

«ማን ይመልስለታል?»

«ማንም አይመልስለትም። የሚሰማ መንገደኛ ካለ ግን መንገዱን ያገኝበታል።»

ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ። እኔ ሻዩን ልቀዳ ተነሥቼ ነበር፣ ትቼው ቆምኩ። እትዬ ዘነበች የበረንዳውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ልደግፋቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ታች የታክሲ ረዳት ይጣራል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ወደዚያ ሁሉ ጫጫታ አንገታቸውን አወጡና፣ «አስፋው» አሉ።

ድምፃቸው አነስተኛ ነው፤ ታች ያለው ልጅ አይሰማቸውም ብዬ ነበር። ማሙሽ ጎመኑን እንደታቀፈ ባለበት ደርቆ ቀረ። ቀና ብሎ በረንዳውን አየ።

«አስፋው» አሉ ደግመው።

«አቤት» አለ። «አቤት እማማ፣ መጣሁ።»